አንዱ ልቦለድ ሲቀል ሌላው ለምን ይከብዳል? የበዓሉ ግርማ ሕይወትና ሥራ እንደ ማሳያ

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። አንዳንዱ ታሪክ ብዕር ሳይነሳ የተጻፈ ያህል ይፈስሳል፤ ሌላው ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ወይ ፍንክች ይላል። ጸሐፊው ያው አንድ ሰው ነው፤ ወረቀቱም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ለተሰጥኦ ወይም ለስሜት እንሰጠዋለን። ስሜቱ ከመጣ ይጻፋል፣ ካልመጣ ይቀራል እንላለን። እኔ ግን ይህ መልስ በቂ ነው ብዬ አላምንም። አንድ ጎበዝ ደራሲ እንኳ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የሚገጥመው ድካም እኩል አይደለም፤ ተሰጥኦው ግን ያው ነው።

ስለዚህ መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ልፈልገው አሰብኩ። ሰውየው በዓሉ ግርማ ነው። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስድስት ረጃጅም ልቦለዶች ትቶልናል፤ ስድስቱም የጠየቁት ሥራ የተለያየ ነው። ሁለተኛ፣ ለእኛ ለኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ሩቅ ሰው አይደለም። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ጳውሎስ ስንሄድ የታክሲ ረዳቱ ዊንጌት፣ ዊንጌት እያለ ይጣራል አይደል? ያ ስም ከትምህርት ቤቱ የመጣ ነው፤ በዓሉም የተማረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በየቀኑ የምናልፈው አጥር እኮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስለየመጽሐፉ ቅለትና ክብደት የምሰጠው አስተያየት የራሴ ነው። የተነሳሁት ከሕይወቱ፣ ከመጻሕፍቱ ይዘትና ከታተሙባቸው ዓመታት ነው።

ከሱጴ እስከ ዊንጌት

በዓሉ ግርማ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለች ቦታ ነው። እናቱ ኦሮሞ፣ አባቱ ደግሞ ለንግድ የመጣ ህንዳዊ ነበር። ሱጴ ቡና የሚበቅልባት፣ ጫካ የከበባት የገጠር አገር ናት። ልጁ ግን እዚያ አልቆየም፤ ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ። ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌት ገባ።

ዊንጌት በዚያን ዘመን ዝም ብሎ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከጣልያን ወረራ በኋላ የተከፈተ፣ በጦርነቱ ከአርበኞቻችን ጎን በተሰለፈው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ስም የተሰየመ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። መምህራኑ በብዛት እንግሊዞች ነበሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆች እየተመረጡ ይገቡበታል፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ያነባሉ። በዓሉ የመጻፍ ፍላጎት ያደረበት በዚህ ግቢ፣ በአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ማበረታቻ እንደሆነ ይነገራል። ግቢው ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው።

ይህን የምተርከው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በኋላ እንደምናየው፣ የልጅነት አገሩን ቶሎ መልቀቁ አንዱን ልቦለድ ከባድ አድርጎበታል ብዬ አስባለሁ።

ጋዜጠኛው

ከዊንጌት በኋላ በዓሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚችጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። ሲመለስ ኑሮው በሙሉ ጋዜጠኝነት ሆነ። የመነን መጽሔት፣ የአዲስ ሪፖርተር፣ የኢትዮጵያን ሄራልድና የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ከአብዮቱ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ።

ጋዜጠኝነት ለልቦለድ ጸሐፊ ምን ይሰጣል? መጀመሪያ የሚሰጠው የመጻፍ ልማድ ነው። ጋዜጣ ነገ ጠዋት ይወጣል፤ ስሜት እስኪመጣ የሚጠብቅ አዘጋጅ የለም። ሁለተኛው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የበዓሉን ልቦለዶች ያነበበ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚሄደውን ንግግርና የተመጠነውን ገለጻ ያስታውሳል። ሦስተኛው ሰው የማየት ዕድል ነው፤ ሚኒስትሩንም፣ ዘበኛውንም፣ የቡና ቤት አስተናጋጇንም በአንድ ቀን ማግኘት ይቻላል።

ግን ጋዜጠኝነት የሚወስደውም ነገር አለ። ጊዜ ይወስዳል፣ የመንግሥት ጋዜጣ ከሆነ ደግሞ ቃላትም ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው መፈክር ሲያርም የዋለ ሰው ማታ የራሱን ቋንቋ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህ ትግል በበዓሉ ሥራ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል።

አምስት ዓይነት ድካም

የመጀመሪያ ልቦለዱ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ባለታሪኩ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አባተ በበኩላቸው ትዳርና የተረጋጋ ኑሮ እንዲይዝ ይጎተጉቱታል። የተማረው የአዲስ አበባ ወጣት በቢሮና በፍላጎቱ መካከል የሚዋልልበትን ሕይወት በዓሉ በየቀኑ የሚያየው ነበር። ቦታው የሚኖርበት ከተማ፣ ዘመኑ የራሱ ዘመን፣ ጥያቄውም የራሱ ትውልድ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ መልካም ምርጫ ነው። የማያውቀውን አገር ለማጥናት ጊዜ አላጠፋም፤ ጉልበቱን በሙሉ በሰዎቹ ላይ አዋለ።

በዚያው በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ መታተሙን ልብ በሉ። ሁለቱም የተማረ ወጣት ከአካባቢው ጋር ሲጋጭ ያሳያሉ። ዳኛቸው ግን የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ቋንቋውን ራሱን እንደገና መሥራት ፈለገ። ጥቅጥቅ ያለ ገለጻ፣ ያልተለመደ ቃል፣ ከአንዱ ሰው ሐሳብ ወደ ሌላው የሚዘል አተራረክ። አደፍርስን ከጓደኞቼ ጋር ስናነብ መዝገበ ቃላት ከአጠገባችን አይጠፋም ነበር። ለማንበብ ይህን ያህል ካደከመ፣ ለመጻፍ ምን ያህል እንዳደከመ መገመት አያቅትም። ስለዚህ አንድ ልቦለድ ከባድ የሚሆነው በጉዳዩ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው የተዘጋጀውን ቋንቋ ለመቀበል እምቢ ሲልም ነው ማለት ነው።

የበዓሉ ሁለተኛ ልቦለድ የኅሊና ደወል በ1966 ዓ.ም. ታተመ። ሀዲስ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ሱጴ ሄዶ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። ሱጴ እንግዲህ የበዓሉ የትውልድ አገር ናት። ከዚህ የቀረበ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ሊቀልለው በተገባ ነበር። ይሁንና ይህን መጽሐፍ ጽፎ አልጨረሰውም፤ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ ያንኑ ታሪክ እንደገና ሠርቶና አስፍቶ ሀዲስ በሚል ርዕስ አወጣው። ከስድስቱ ልቦለዶች ሁለቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ጽሑፎች ናቸው ማለት ነው። አንድ ደራሲ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ከጻፈው፣ ያ ታሪክ በመጀመሪያው ዙር እጁ አልገባለትም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ለምን? እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ትዝታ ነው። በዓሉ ሱጴን ያወቃት በልጅነቱ ነው። ልጅ ዛፉን፣ ዝናቡን፣ የእናቱን ቤት ያስታውሳል፤ ግብር እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ባላባቱ ከጭሰኛው ጋር እንዴት እንደሚዋዋል፣ ትምህርት ቤት ለማሠራት የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን አያውቅም። ልቦለዱ የሚፈልገው ደግሞ ይህንን ሁለተኛውን እውቀት ነው። የቀረበ የሚመስለን ነገር ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ዘመን ነው። መጽሐፉ የወጣው አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። በንጉሡ ዘመን የአንድ ወጣት መምህር ኅሊና ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ግን ያው ታሪክ ሌላ ትርጉም ያዘ። ደራሲው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ መሬቱ ከሥሩ ተንቀሳቅሷል።

የቀይ ኮከብ ጥሪ የወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአብዮቱን ዘመን ከአብዮቱ ወገን ሆኖ የሚያይ መጽሐፍ ነው። ይህን መሰሉን ልቦለድ ለመጻፍ አንድ ትልቅ ቅለት አለ፤ መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል። ማን ትክክል እንደሆነ፣ ማን እንደተሳሳተ፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ዘመኑ ራሱ ወስኖለታል። ግን ምን መሰላችሁ፣ ያው ቅለት ዞሮ ሌላ ሸክም ይሆናል። መልሱ ከታወቀ ባለታሪኮቹ የሚመርጡት ነገር አይቀራቸውም፤ ምርጫ የሌለውን ሰው ሕያው ማድረግ ደግሞ ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ ከስድስቱ ውስጥ ይህኛው በአእምሮዬ ብዙ አልቆየም። ይህን የማይቀበሉ የክፍል ጓደኞች አሉኝ፤ ክርክሩ ይቀጥላል።

ደራሲው የታተመው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን በቀጥታ የእኛን ጥያቄ ይዞ የተነሳ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ ሲራክ ጸሐፊ ነው፤ ከኑሮ፣ ከቤተሰብና ከራሱ ጋር እየታገለ መጽሐፍ ለመውለድ ያምጣል። ሲራክ የተቀረጸው በሕይወት ባለ ሰው፣ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደሆነ በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በዓሉና ስብሐት በጋዜጠኝነት ሙያ የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። ሕያው አምሳያ ማግኘት ሥራን ያቀልላል፤ የአነጋገሩን ለዛ፣ የአረማመዱን ሁኔታ መፍጠር አያስፈልግም፤ አይቶ መጻፍ ነው። በሌላ በኩል ግን ሰውየው መጽሐፉን ያነብበዋል። ወዳጅን ሳያስቀይሙ፣ ሳያሞግሱም እውነቱን መጻፍ ጠባብ ድልድይ ላይ እንደመሄድ ነው። በነገራችን ላይ ስብሐት ራሱ ሌቱም አይነጋልኝን ጽፎ ሳይቆረጥ በአማርኛ እስኪታተም ድረስ አሥርት ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ለመጻፍና ለማሳተም የሚከፈለው ድካም የተለያየ መሆኑን ይህ ብቻውን ያሳያል።

ኦሮማይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ጀመረ። ዓላማው የሻዕቢያን ምሽግ ናቅፋን መያዝና ጦርነቱን አንዴ መቋጨት ነበር። ከፍተኛ ባለሥልጣኖች አስመራ ከተሙ። በዓሉም በማስታወቂያ ሥራው ከዘማቾቹ አንዱ ሆኖ ሄደ። ዘመቻው ብዙ ሕይወት በልቶ ናቅፋ ሳትያዝ ቀረች። በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ።

ዓመታቱን አስሉ። ከዘመቻው እስከ መጽሐፉ መውጣት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ያውም ሰውየው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ተሸክሞ። የሱጴ ታሪክ ግን ከአብዮቱ በፊት ተጀምሮ ከአብዮቱ በኋላ ነው ያለቀው። ለምን ይህኛው እንዲህ ፈጠነ?

አንድ በአንድ ብናየው መልሱ ይገኛል። ልቦለድ ጸሐፊን የሚያስቆሙ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ የት ይሁን? መቼ ይጀምር፣ መቼ ይለቅ? ማን ይተርከው? ሰዎቹ እነማን ናቸው? ለኦሮማይ እነዚህ ሁሉ ተመልሰው ነበር። ቦታው አስመራ ናት፤ መንገዶቿን፣ ቡና ቤቶቿን፣ የምሽት ሕይወቷን በዓሉ እዚያው ሆኖ አይቷል። ጊዜው የዘመቻው ጊዜ ነው፤ ዘመቻ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ስለዚህ ደራሲው የለመደውን ድምፅና የለመደውን ዓይን ሊሰጠው ቻለ። በአዲስ አበባ ሮማን፣ በአስመራ ፊያሜታ ስላሉ የፍቅሩ ታሪክ የጦርነቱን ታሪክ ይዞት ይሄዳል። የርዕሱ ቃል እንኳ ከዚያው ከአስመራ አፍ የተወሰደ ነው፤ ከጣልያንኛ የመጣ፣ በቃ አበቃለት፣ ከንቱ ነው የሚል ስሜት ያለው ቃል።

ስለዚህ ከጽሑፍ ሥራ አንጻር ኦሮማይ ከስድስቱ ሁሉ የተመቻቸው መጽሐፍ ነበር ባይ ነኝ። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን ማሳተም ይቻላል ወይ? እሱ ደግሞ የእጅ ሥራ ጥያቄ ሳይሆን የድፍረት ጥያቄ ነው። አገሩ በሙሉ ስለ ድል በሚሰማበት ሰዓት ስለ ሽንፈት፣ ስለ ባለሥልጣኖች ጉራና ስለ ወጣቶች ሞት የሚተርክ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ደግሞ ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኞቹ ባለሥልጣኖች ጋር ለማዛመድ ጊዜ አልፈጀበትም።

የተከተለው የታወቀ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ተጥላ ተገኘች። በደርግ የጸጥታ ሰዎች እንደተገደለ በሰፊው ይታመናል፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም፣ መቃብርም የለውም። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነበር። ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ሄደ።

መጽሐፉ ግን አልሞተም። ከታገደ በኋላ በድብቅ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ ወዲህ በተደጋጋሚ ታትሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

ከዓለም ደራሲዎች ጋር ሲነጻጸር

ይህ ልዩነት የበዓሉ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍሎቤር ማዳም ቦቫሪን ለመጻፍ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ቤልጅየማዊው ሲምኖ ደግሞ የወንጀል ልቦለዶቹን ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይጨርስ ነበር። ሲምኖ ከፍሎቤር ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ሰነፉም ፍሎቤር አይደለም። ሲምኖ የተዘጋጀ ቅርጽ ነበረው፤ ሰው ይሞታል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ምስጢሩ ይፈታል። ፍሎቤር ግን እንደ ዳኛቸው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። በዓሉም ኦሮማይ ላይ የስለላ ታሪክ ቅርጽ መጠቀሙ አንባቢን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ሳይረዳው አልቀረም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ምን እናገኛለን? እንደ እኔ አስተያየት አንድን ልቦለድ ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርጉት አራት ነገሮች ናቸው። እነሱም ጉዳዩን በአዋቂ ዓይን ማወቅና አለማወቅ፣ የተዘጋጀ ቅርጽ መኖርና አለመኖር፣ ያለውን ቋንቋ መቀበልና አለመቀበል፣ በመጨረሻም መልሱ በጸሐፊው እጅ መሆኑና አለመሆኑ ናቸው። ተሰጥኦ ከአራቱ አንዱም አይደለም፤ ተሰጥኦ አራቱን የሚሸከመው ትከሻ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን አንድ ነገር እናምታታለን። ቶሎ የተጻፈ መጽሐፍ ዋጋው ርካሽ ይመስለናል፤ ብዙ የተለፋበት ደግሞ ውድ። የበዓሉ ሕይወት ይህን አይቀበልም። ደራሲውን ዓመታት ያስለፋው ሀዲስ ከሥራው አላስባረረውም። በፍጥነት የወጣው ኦሮማይ ግን ሕይወቱን ወሰደ። የእጅ ድካምና የእውነት ዋጋ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የሚወጣ ሥራም አለ። የኅሊና ደወልንና ሀዲስን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ እያመሳከረ፣ ምን እንደተጨመረና ምን እንደተቀነሰ የሚያሳይ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢሠራ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ደራሲ ራሱን እንዴት እንደሚያርም ከዚህ የተሻለ መማሪያ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ አላውቅም። መምህሮቻችንም ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይህንን ቢጠቁሙ መልካም ነው።

የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ የምትወስዱ እህት ወንድሞቼም ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትቆሙ ቶሎ ስሜት የለኝም ብላችሁ አትተዉት። መጀመሪያ የትኛው ጥያቄ እንዳልተመለሰ ፈልጉ። ቦታው ነው? ተራኪው ነው? ወይስ መጨረሻውን ለመጻፍ ፈርታችሁ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ታሪኩ እየተጻፈላችሁ ነው፤ ወደፊት የምትከፍሉትን ግን አስቡበት።